መልስ፦ ፒ ላይ አልነሳ ብሎ ኤን ላይ ስለሚነሳ አውቶማቲክ መኪና

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዎ ማርሹ ፒ (ፓርኪንግ) ላይ ሳለ ቁልፉን ሲያዞሩ ምንም ድምፅ እንደማያሰማ፣ ኤን (ኒውትራል) ላይ ሲያደርጉት ግን ወዲያው እንደሚነሳ ጽፈዋል። ኤን ላይ ያለ ችግር እስከተነሳ ድረስ ባትሪውንም ሆነ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ለመቀየር አይቸኩሉ። እኔ የምጠረጥረው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጎን ላይ የሚገጠመውን፣ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ካልሆነ በቀር ወደ ሞተሪኖ የሚሄደውን መስመር የሚያቋርጠውን የኒውትራል ሴፍቲ ስዊች ነው።

የእጅ ፍሬኑን ስበውና የእግር ፍሬኑን ረግጠው፣ ማርሹን ፒ ላይ እንዳለ ወደ ፊት ገፋ አድርገው ይዘው ቁልፉን ያዙሩ፤ በዚህ ከተነሳ ስዊቹ ወይም የማርሹ ገመድ ከልኩ ተንሸራቷል ማለት ነው።

ካልተነሳ የስዊቹን ሶኬት ነቅለው ውስጡን ይመልከቱ። ላቫጆ ቤት ሞተሩ በግፊት ውኃ ከታጠበ በኋላ እርጥበት ገብቶ ፒኖቹን አረንጓዴ ዝገት ሲያለብሳቸው አይቻለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ አዲስ ስዊች ልገዛ ስል በጽዳት ብቻ ተገላግያለሁ። ሶኬቱ ደህና ከሆነ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርገው ስዊቹ ላይ ያሉትን ሁለት የማስነሻ ፒኖች ይለኩ፤ ፒ እና ኤን ላይ ወደ 0 የተጠጋ ንባብ፣ አር (የኋላ ማርሽ) እና ዲ (ወደ ፊት መንጃ) ላይ ደግሞ የተቋረጠ መስመር ሊያሳይዎ ይገባል። ኤን ላይ ብቻ ካነበበ የስዊቹን ብሎኖች አላልተው ቦታውን ያስተካክሉ፤ ይህም ካልረዳ ይቀይሩት።

ስዊቹን ትቶ ሁለቱን የማስነሻ ሽቦ አገናኝቶ «ቀጥታ» ላድርግልዎ የሚል ባለሙያ ቢያጋጥምዎ ግን አይፍቀዱለት፤ መኪናው ዲ ላይ እንዳለ ተነስቶ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው ሊገጭ ይችላል።