በመኝታ መኪና የባሕር ጠረፍን ተከትሎ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል በርከት ያሉት፣ ባልና ሚስት ሆኖ መኝታና ማብሰያ በተገጠመለት ቫን የባሕር ዳርቻን ይዞ ስለመጓዝ የሚያነሱ ናቸው። ወደብ የሌለው አገር ሰው ባሕር ቢናፍቅ አይፈረድበትም። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ በጥር እንጋባለን። ለጫጉላችን ደቡብ አፍሪካ ሄደን፣ ካምፐር ቫን ተከራይተን፣ ጋርደን ሩት የሚባለውን የጠረፍ መንገድ ለመንዳት አስበናል። ከየት ብንጀምር ይሻላል? በግራ መንዳቱስ አያስቸግርም?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ወሩን በደንብ መርጣችኋል። በታኅሣሥና በጥር መጀመሪያ የአገሬው ተማሪዎች እረፍት ላይ ስለሚሆኑ የካምፕ ቦታዎቹ ይጨናነቃሉ፤ በጥር መጨረሻ ግን ሙቀቱ ሳይቀንስ ሕዝቡ ይበተናል።

ጋርደን ሩት ከሞስል ቤይ እስከ ስቶርምስ ሪቨር የሚዘልቅ፣ ኤን 2 የተባለው አውራ ጎዳና የሚያልፍበት፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠረፍ ነው። ብዙው ተጓዥ ከኬፕታውን ተነስቶ በዚሁ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ይነዳል፤ እኔ ግን ተቃራኒውን አቅጣጫ እመርጣለሁ። እዚያ አገር የሚነዳው በግራ፣ መሪው ደግሞ በቀኝ በመሆኑ፣ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ባሕሩ በራሳችሁ ረድፍ በኩል ይውላል፤ ከሾፌሩ ጎን ለተቀመጠው ሰው ባሕሩ በመስኮቱ ሥር ነው፣ ጥሩ እይታ ባገኛችሁ ቁጥርም ከፊት የሚመጣውን መኪና ሳታቋርጡ ወደ ዳር ወጥታችሁ መቆም ትችላላችሁ። ስለዚህ ከኬፕታውን ተነስታችሁ ስትሄዱ አር 62 በተባለው የመሀል አገር መንገድ፣ በሰጎን እርባታዋና በአቅራቢያዋ ባለው የካንጎ ዋሻ በምትታወቀው በኦውድስሆርን በኩል ዙሩና፣ ጠረፉን ለመልሱ ጉዞ አቆዩት።

የመጀመሪያውን ማረፊያ ስቶርምስ ሪቨር አፍ ላይ አድርጉት። የካምፕ ቦታው ከድንጋያማው ዳርቻ ጋር ስለሚዋሰን ማዕበሉ አለቱን ሲመታ የሚረጨው ውኃ ነፋስ ይዞት ይመጣል፤ ጠዋት የፊት መስታወታችሁ ላይ ጨው ደርቆ ብታገኙ አይግረማችሁ። ከካምፑ በእግር ተጉዛችሁ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ላይ የተዘረጋውን 77 ሜትር ርዝመት ያለውን ተንጠልጣይ ድልድይ መሻገር ትችላላችሁ። ለዚህ ቦታ ሁለት ሌሊት ቢሰጡት አይበዛበትም። ከዚያ በፕሌተንበርግ ቤይ አድርጋችሁ ክናይስና ስትደርሱ፣ በከተማዋ ሱቆች ጊዜ ከማጥፋት የባሕር ውኃው በሁለት ገደሎች መካከል ሾልኮ ወደ ሐይቁ የሚገባበትን ሥፍራ ከላይ ሆናችሁ እዩ። ዓሣ ነባሪ ግን አትጠብቁ፤ ወቅቱ ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው።

በግራ መንዳትን በተመለከተ፣ አውራ ጎዳናው ላይ ሌሎቹን መኪኖች መከተል ስለሚቻል ችግር የለም። አደጋ ያለው ከነዳጅ ማደያ ወጥታችሁ ባዶ መንገድ ላይ ስትገቡና አደባባይ ላይ ስትደርሱ ነው፤ አደባባዩ የሚዞረው ከእኛ አገር በተቃራኒ ነውና። ማርሹን በግራ እጅ ከመቀየር ለመዳን አውቶማቲክ ተከራዩ። መንገድ ዳር አቁሞ ማደርን ግን አልመክርም፤ ካምፖችን አስቀድማችሁ ያዙ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የራሳችንን ዶልፊን ሚኒባስ ወንበሩን አውጥተን አልጋ ሠርተንበታል። ባለቤቴ መምህርት ስለሆነች በክረምት ወደ ጅቡቲ ጠረፍ ብንወርድስ?

መልስ፦ በክረምት አይሆንም። በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ በቆርቆሮ ውስጥ ተኝቶ ማደር ቅጣት ነው። ለባለቤትዎ የሚመቸው የግማሽ ዓመቱ እረፍት ነው፤ አየሩም ይሻላል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ደግሞ ዌል ሻርክ የተባሉት ግዙፍ ዓሦች ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይመጣሉ። በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ የሚያልፈው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ስለሆነ በሌሊት አይንዱበት፤ የመኪናውን የጉምሩክ ጉዳይም ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ ጅቡቲ ከተማ ተቀምጠው ከመመለስ ባሕረ ሰላጤውን ዞረው እስከ ታጁራ ይሂዱ። በመንገዱ ላይ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ ያገኛሉ። ታጁራ የጥንት የሲራራ ነጋዴዎች መነሻ ነበረች፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1886 ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ አስጭኖ ወደ ሸዋ የተነሳው ከዚያ ነው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ እዚህ የተሞላ ጎማ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ንፋሱ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መልስ፦ ሁለቱም ይሆናል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ባለው አየርና በውጭው አየር ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ቆላ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ ከሱሉልታ ከፍታ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ንባቡ በ4 ፒ.ኤስ.አይ (የጎማ ግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ከወረዳችሁ በኋላ በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳና ፀሐይ ሳያገኘው አስለኩ። ቀን ላይ ጎማው ግሎ ሳለ «በዝቷል» ብሎ ንፋስ የሚያስተነፍስ ጎሚስታ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ባለቤቴ ያለ ቡና መንገድ አይወጣም። መስኮት ገርበብ አድርገን ቫኑ ውስጥ ከሰል ብናቀጣጥል ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይገድላል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ ብዙ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ከቀይ ፍም ሲወጣ አይታወቅም፣ ገርበብ ያለ መስኮትም አይበቃውም። ቡናውን ውጭ፣ ነፋስ በሚከለልበት በመኪናው ጥግ አፍሉለት። ሌሊት ለሙቀት ተብሎ ማንደጃውን ማስገባትም ያው ነው።

ጥያቄ (ከገላን)፦ ባለቤቴ በቀን 500 ኪሎ ሜትር ካልነዳን ይላል፤ እኔ ባሕሩን ቁጭ ብዬ ማየት ነው የምፈልገው። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ እርስዎ። ጠረፍ ላይ በቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው የሚያየው አስፋልት ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ ካምፕ ግቡ፤ መኪናውን በብርሃን ደልደል ያለ ቦታ ላይ ለማቆም፣ ውኃ ለመቅዳትና እራት ለመሥራት ጊዜ ይተርፋችኋል። ባለቤትዎ ካልተስማሙ አንድ ቀን መሪውን እርስዎ ይያዙ።