ውሃው እየጠራ ዓሣው ለምን ይሞታል?

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከመካከላችሁ አንዷ አጠር ያለች ጥያቄ ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አኳሪየሜን በየሳምንቱ ሙልጭ አድርጌ አጥባለሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ዓሦቼ ግን እያለቁብኝ ነው። ምን አጎደልኩ?» መልሱ በሁለት መስመር ያልቃል። ጥያቄው ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝና ደብዳቤው ረዘመ፤ ቻሉኝ።

ድሮ የምሠራው ውሃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነበር። እኛ ፎቅ ላይ ነን። ታች፣ እንግዳ መቀበያው ጋ፣ ትልቅ አኳሪየም ነበር፤ ውስጡ ጎልድፊሾች። ውሃው ትንሽ ቢጫ ይላል፣ መስታወቱም ጥግ ጥጉን አረንጓዴ ይዟል። ዓሦቹ ግን ምንም አልሆኑም። ሰው ሲጠጋ ተግተልትለው ይመጣሉ። ጅራቱ ነጭ የሆነ አንድ ነበር፤ ሁሌ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው።

አንድ ቀን የበላይ ኃላፊዎች ሊጎበኙን ነው ተባለ። ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ ሁሉ ይታጠብ ተባለ። አኳሪየሙም እዚያው ውስጥ ተቆጠረ። የጽዳት ሠራተኛችን ሥራዋን የምትወድ ሴት ነበረች። ዓሦቹን በባልዲ አወጣች፣ ውሃውን አንጠፍጥፋ ደፋች። ጠጠሩ ላይ የፈላ ውሃ አፈሰሰችበት። የፊልተሩን፣ የውሃ ማጣሪያውን፣ ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዛ፣ የሚወጣው ቡናማ ውሃ ነጭ እስኪሆን ጨመቀችው። ከዚያ በቧንቧ ውሃ ሞላችና ዓሦቹን መለሰች። ያየ ሁሉ አደነቀ።

ከሰዓት በኋላ ዓሦቹ ላይ ላዩን መዋል ጀመሩ። አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚተነፍሱበት የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል። ባለ ነጭ ጅራቱ ከፊልተሩ ውሃ የሚወርድበት ሥር ሄዶ ቆመ፤ እዚያ አየር ይሻላል። በማግስቱ ጅራቱ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ መስመሮች ወጡ። ሰው ሲጠጋ ንቅንቅ አላለም። ሳምንቱ ሳያልቅ አንድም አልቀረም።

አለቃው ሴትዮዋን ጠርቶ «ሳሙና ጨምረሽበት ነው» አላት። ሳሙና አልነካችም። ምላ ተገዝታ ነገረችው፤ አልሰማትም። ከደመወዟም ተቆረጠ። እኛ ደግሞ አሞኒያ የሚለካ ኬሚካል ጠረጴዛችን ላይ ተደርድሮ፣ ደረጃውን ወርዶ አንድ ብርጭቆ ውሃ የቀዳ ሰው አልነበረም። የዓሣ ነገር ነው ብለን ወደ ሥራችን ዞርን። ዓሦቹስ ሞቱ። የዚያች ሴት ፊት ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ቀለም የለውም፤ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይገድላል። ጠጠሩና ስፖንጁ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚያስታግሱት። ናይትሮሶሞናስና መሰሎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሮስፒራ የሚባሉት ደግሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ካልበዛ ብዙም አይጎዳም። ሴትዮዋ ጨምቃ የጣለችው ቡናማ ነገር ውስጥ እነዚህ ነበሩ። የፈላ ውሃውና ጀርም እንዲገድል የቧንቧ ውሃ ላይ የሚጨመረው ክሎሪን ጨረሷቸው። ክሎሪኑ ደግሞ የዓሦቹን ስንጥብ ራሱን ያቃጥላል። ማን ነገራት? ማንም።

አኳሪየም ከመሬት ተነስቶ እንዲህ ያለ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እዚህ ላይ እናንተን ልቆጣ። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ፣ ገንዳውንም ዓሣውንም በአንድ ቀን ገዝታችሁ ትገባላችሁ። ማታ ፎቶ ይለጠፋል። በሳምንቱ ዓሣው ተገልብጦ ይንሳፈፋል። መብራትና ጌጥ ላይ የምታፈሱትን ገንዘብ ሳይ ይገርመኛል። ደግሞ እውነት ለመናገር፣ እኛ ያልጠየቅነውን እናንተ ትጠይቃላችሁ፤ ይቺ ልጅ ጠይቃለች።

ይህን ነገር ማሰብ የጀመረው የሙያ ዘመዴ ነው ማለት ይቻላል። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር ያቀረበው ሥራ ጎልድፊሽን ከውሃ ተክል ጋር አብሮ ስለማኖር ነው። ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን ሲያበላሽበት ቀንድ አውጣ ጨመረና ቅጠሉን አስበላው። ስለ ባክቴሪያዎቹ ገና የሚያውቅ አልነበረም። ቁጭ ብሎ በማየት ብቻ ነው እዚያ የደረሰው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እናንተም ቁጭ ብላችሁ እዩ።

አንድ ዕቃ ግን ግዙ፤ የውሃ መመርመሪያ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆን አለባቸው። ናይትሬቱን በሊትር ከ40 ሚሊግራም በታች ያዙት። ምግብ አታብዙ የሚለውን አልደግመውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ክብደቱን ግን የሚያስብ ሰው አላየሁም። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር። የመጽሐፍ መደርደሪያ አይችለውም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ሙልጭ አድርጎ ማጠቡን ተዪው። በሳምንት አንዴ ከውሃው ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይሪ። የምትጨምሪው ውሃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር ይቀራረብ፤ ክሎሪን ማጥፊያም አድርጊበት። ውሃ በባልዲ ማሳደር ክሎሪኑን ያስወጣል ይላሉ፤ ልክ ነው። ከተማው ክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበትን፣ የሚጠቀም ከሆነ ግን በማደር አይወጣም፤ ማጥፊያው የግድ ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ለቅለቅ አድርጊው፣ ቧንቧ አታስነኪው። መስታወቱ ላይ ያለውን አረንጓዴ ፊት ለፊቱን ብቻ ጥረጊ።

ዛሬ ማታ አሞኒያውንና ናይትራይቱን ለኪ። ከዜሮ በላይ ከሆኑ ሩቡን አሁኑኑ ቀይሪ፣ ነገም ድገሚ። እስኪወርዱ ድረስ ምግቡን በጣም ቀንሺ፣ የአየር ፓምፕ ካለሽም አታጥፊው። የቀሩት ዓሦች እስኪረጋጉ አዲስ እንዳትጨምሪ።