በሽተኛ ፊት ሙዚቃ ለምትጫወቱ ልጆች

«ለአእምሮ ሕመምተኛ ለስለስ ያለ ዜማ አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ትዝ ያለኝ ናትናኤል ፒርስ ነው፤ ከ1805 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ አገራችን የኖረ እንግሊዛዊ።

ፒርስ «ትግረትያ» ብሎ የመዘገበው ደዌ የያዛት ሴት ሰውነቷ ይመነምናል፣ አንደበቷ ይተሳሰራል፣ በክርስትና ስሟ ቢጠሯት አቤት አትልም። ርካሹ ሕክምና ደብተራ የዮሐንስን ወንጌል እያነበበ ለ7 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰሱ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ይገድላል ይላል ፒርስ። ውዱ ሙዚቃው ነው። ዘመድ መለከት ነፊ፣ ከበሮ መቺና ዋሽንት ነፊ ቀጥሮ፣ መጠጥ ገዝቶ የሰፈሩን ወጣት ይሰበስባል።

የወዳጁ ሚስት እንዲህ ስትታከም አይቷል። አጥንቷ ብቻ ቀርቶ የተኛችው ልጅ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ ራሷና ደረቷ ተነቃነቀ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፤ ቀስ በቀስ ቆመች፣ ጨፈረች፣ ከመሬት 3 ጫማ ዘለለች። ድምፁ ሲላላ ፊቷን ታጠቁራለች፣ ሲጠነክር ፈገግ ትላለች። አጫዋቾቹ ዝለው ሊጠጡ ሲያርፉ እሷ ቅር ይላታል እንጂ አልደከማትም። በማግስቱ ገበያ መሀል ስትጨፍር ውላ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ድንገት ተፈተለከችና 200 ያርድ ያህል ሄዳ ተዘረረች። አንድ ጎረምሳ ደርሶ በላይዋ ጠመንጃ ተኮሰ፣ በቢላዋው ጠፍጣፋ ጎን ጀርባዋን መትቶ ስሟን ጠየቃት። ተናገረች፤ ድና ነበር።

ይህን ያየው ፒርስ የራሱ ሚስት በዚሁ ደዌ ስትታመም «ሴቶች ለጌጡና ለጭፈራው ሲሉ የሚያመጡት ነው» ብሎ ጠረጠረ። ሙዚቃውን ለብዙ ቀን ከለከላት፤ በኋላም በድብቅ በአለንጋ ገረፋት። ጣቶቿ ደርቀው አልዘረጋ አሉት፣ የሞተች መሰለው። ለቤተሰቡ ራሷን ሳተች ብቻ አለ፤ ምክንያቱን ዋጠው። ነፍስ የዘራችው ሙዚቃው ሲመጣላት ነው።

ይህን ደዌ ዛር የሚሉት አሉ፤ እኔ በዛር አላምንም። ግን ትከሻዋን እያዩ ድምፁን ማላላትና ማጠንከር ሙያ ነው፤ እናንተ ዜማ ከስልካችሁ ከፍታችሁ ሻይ ልትጠጡ ትወጣላችሁ። ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ዜማው ሳይቋረጥ ይቀበለው። እርግጥ ለስላሳ የሚበጀውም አለ፤ ዳዊት ለሳኦል የደረደረው በገና እንጂ መለከት አልነበረም። እሱም ቢሆን በሽተኛው ፊት ነው የደረደረው። ስትጨርሱ በሽተኛዋን ስሟንና ቀኑን ጠይቁ፣ መልሷን መዝገብ ላይ ጻፉ።