ስኳር፣ ግፊትና ኩላሊት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኩላሊት ናቸው። ሳነባቸው ግን አንዱ ከስኳር ይጀምራል፣ ሌላው ከደም ግፊት፣ ሌላው ከልጅ ቶንሲል። ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በሌላ በሽታ ሰበብ ስለሆነ አንድ ላይ ልመልሳቸው ብዬ ነው።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 12 ዓመት ሆኗታል፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። አሁን ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ተገኘ። ምንም አያማትም። ጎረቤቶች «ኩላሊትሽን የጎዳው ኪኒኑ ነው» ስላሏት ልታቆም ነው። (ከአዳማ)

አደራ፣ በራሳቸው እንዳያቆሙ። ሜትፎርሚን ኩላሊት አይጎዳም። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ከሰውነት በደንብ ስለማይወጣ ሐኪም መጠኑን ይቀንሳል፣ ሲብስም ያስቆማል። ይህን ያየ ሰው ጥፋቱን በኪኒኑ ላይ ያላክካል። ጉዳቱን ያመጣው ግን ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነው።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ስኳር ሲጎዳቸው እንደ ተቀደደ ወንፊት ይሆናሉ፤ ደም ውስጥ መቅረት የነበረበት ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያምም። ወገባችንን በያዘን ቁጥር «ኩላሊቴን» እንላለን፣ ከስኳር የሚመጣው ጉዳት ግን ወገብ አይነካም። እግር ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላ፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ነገሩ ብዙ ርቋል። ክሬቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ እንኳ ኩላሊቱ ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። ሽንት ላይ ያለው ፕሮቲን ግን ቀድሞ ይናገራል። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት (ብዙ ጊዜ በጉልምስና የሚመጣው) ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ሁለቱንም መመርመር አለበት። የሚያሳዝነኝ፣ የጣት ደም ብቻ እየታየላቸው ዓመታት የሚያልፉ ሰዎች መብዛታቸው ነው።

አሁን ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምርመራው ይደገም፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ለጊዜው ፕሮቲን ያሳያል። ከሦስት ወር በላይ ከዘለቀ የኩላሊት ጉዳት ነው። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ግፊትን ከመቀነስ አልፈው የሚያመልጠውን ፕሮቲን ያሳንሳሉ። እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶችም ኩላሊትን ሲጠብቁ ታይቷል፤ ዋጋቸው ከበድ ቢልም ሐኪሙን ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ስኳርን የሚያወርደውን ሆርሞን፣ ኢንሱሊንን፣ ከሰውነት የሚያስወግደው በከፊል ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢንሱሊን ይቆያል፣ ስኳሩም ይወርዳል። እናትሽ አመጋገብም መድኃኒትም ሳይቀይሩ «ስኳሬ ተስተካከለልኝ» ካሉ፣ ከደስታው በፊት ክሬቲኒን ይታይ።

34 ዓመቴ ነው፣ ሹፌር ነኝ። ግፊቴ 170/110 ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ታዞልኝ ነበር፣ ምንም ስለማይሰማኝ ትቼው ሽፈራው እየጠጣሁ ነው። ግፊት ኩላሊት ያበላሻል የሚባለው እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ)

እውነት ነው ወንድሜ፣ ተገላቢጦሹም እውነት ነው። ግፊት የኩላሊትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያጠብባል። የተጎዳ ኩላሊት ደግሞ ጨውና ውሃ ያጠራቅማል፣ ግፊት የሚጨምር ሆርሞንም ይቀሰቅሳል። በአንተ ዕድሜ እንዲህ ያለ ግፊት ሲገኝ የትኛው እንደቀደመ መታወቅ አለበት። የሽንት ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ ፖታሲየምና የኩላሊት አልትራሳውንድ ይታዘዝልህ።

በሽፈራው አልጣላም። ኮንሶ ላይ እንደ ጎመን ይበላል፣ ብላው። 170/110 ግን በሻይ አይወርድም። መድኃኒቱን ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ተመልሰህ ጀምር። ጨው ደግሞ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ባይበልጥ ጥሩ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ወጡ ላይ ሌላ ጨው ከመጨመር በፊት ይቀመስ። ግፊትህ አደገኛ ደረጃ ላይ ሆኖም ምንም ላይሰማህ ይችላል፤ ስሜትህን አትመነው።

63 ዓመቴ ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለብኝ። ጉልበቴን ሲያመኝ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ገዝቼ እውጣለሁ። ችግር አለው? (ከባሕር ዳር)

አለው፣ ያውም ከባድ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ። ለጤነኛ ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ብዙ ላያሳስብ ይችላል። ስኳርና ግፊት ላለበት፣ በተለይ ኢናላፕሪልና ውሃ የሚያሸና ኪኒን አብሮ ለሚወስድ ግን ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊያቆም ይችላል። ተቅማጥና ትውከት ከተጨመረ የባሰ ነው። መርፌውም ያው ነው፣ ከኪኒኑ አይሻልም። ለጉልበትዎ በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል፤ የጉልበቱን መንስኤም ሐኪም ይይልዎት።

አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ ጎንደር ይኖራል። ሌሊት ደጋግሞ ይነሳል፣ ሽንቱ እየቆራረጠ ነው የሚመጣው። አሁን «ኩላሊትህ ደክሟል» ተባለ። ፕሮስቴት ኩላሊት ይነካል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ይነካል። ፕሮስቴት፣ ማለትም ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ አብጦ የሽንት መውጫውን ሲያጠብብ ሽንት ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፣ የተጠራቀመው ሽንት ግፊትም ወደ ኋላ ኩላሊት ይደርሳል። አልትራሳውንድ ይለየዋል። ከሌሎቹ የሚለየው ተስፋው ነው፦ በቱቦ ሽንቱ ከተለቀቀ ኩላሊቱ ብዙ ጊዜ ያገግማል፣ ቶሎ ከተደረሰበት። ብር ከመላክ በፊት ደውለው «ሽንትህን ስትጨርስ የቀረ ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁ። አባቶች ይህን ለልጅ መናገር ያፍራሉ።

የ7 ዓመት ልጄ ከሁለት ሳምንት በፊት ቶንሲል አሞት ነበር። ዛሬ ጠዋት ፊቱ አብጦ፣ ሽንቱ የኮካ ቀለም ሆኗል። (ከሐዋሳ)

ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው። ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ ሰውነት የሚፈጥረው ምላሽ የኩላሊትን ማጣሪያዎች አስቆጥቶ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ፣ አትደንግጪ። በእነዚህ ቀናት የሚያስፈራው የግፊት መጨመር ነው፣ ስለዚህ ግፊቱ እንዲለካ ጠይቂ፤ የልጅ ግፊት አንዳንዴ ይረሳል።

ታላቅ ወንድሜ ከስኳር በመጣ የኩላሊት ሕመም በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ነው። ኩላሊቴን ልሰጠው እፈልጋለሁ። ይቻላል? (ከሪያድ)

ንቅለ ተከላው በአገር ቤት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ኩላሊት የሚሰጠውም በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። አንተ መጀመሪያ መልስ ማግኘት ያለብህ ስለራስህ ነው። የስኳር በሽታ በቤተሰብ ይወርዳል፣ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በአብዛኛው ለጋሽ አይሆንም። እዚያው ሪያድ የጾም ስኳርህን፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳርህን፣ ግፊትህን፣ የሽንት ፕሮቲንህንና የደም ዓይነትህን አስመርምር። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ የአየር ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ለወንድምህ ሐኪም ላከው። ጥሩ ካልሆነም ማወቅህ ለአንተው ይጠቅማል፤ ገና ሊታከም የሚችል ነገር ይዘህ ይሆናል።