«ሮቶዎቹ በማግስቱ ታጠቡ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና የጠበቃው መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ ጠበቃ። ስሜን አታውጡብኝ እንጂ ነዋሪነቴ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። እዚሁ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ በሃውስኪፒንግ ስሠራ 6 ዓመቴ ነው። ክረምቱን ሙሉ እንግዳ ስላልነበረ ሁለተኛው ፎቅ ተዘግቶ ከረመ። ለመስቀል እንግዳ ይመጣል ተብሎ መስከረም 12 ቀን እኔና ጓደኛዬ 9 ክፍል ከፍተን አጸዳን። ቧንቧው መጀመሪያ ቡናማ ውኃ ነው የሚያወጣው። ጥርት እስኪል ድረስ ሙቅ ሻወሩን ለቅቀን እዚያው እንፋሎት ውስጥ ቆመን ሴራሚኩን ስንፈገፍግ ዋልን። መስከረም 19 ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ፈለጠኝ፣ በማግስቱ ትኩሳቱ አስቃዠኝ። ሳንባ ምች ነው ተብዬ ተኛሁ። ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ 5 ቀን ተወግቼ ምንም አልተሻለኝም። አዚትሮማይሲን ሲቀየርልኝ ነው ቀና ያልኩት። ሥራ የተመለስኩት ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው።

ደመወዜ 4,200 ብር ነው። የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ከፈሉኝ፣ የቀረውን ወር ተኩል በግማሽ። ለሕክምና ከኪሴ 11,400 ብር አወጣሁ። ገና አልጋ ላይ ሳለሁ ጓደኛዬ መጥታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ለመስቀል እዚያው ፎቅ ያረፈ እንግዳ አሜሪካ ሲመለስ ታሞ፣ በሽንት ምርመራ «ሌጂዮኔርስ» የሚባል በሽታ ተገኝቶበት፣ የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ለእንግዳ መቀበያው በቴሌግራም ልኳል። ሥራ አስኪያጁም ሠራተኛውን ሰብስቦ «ይህን ወሬ ማንም ከግቢ እንዳያወጣ» አለ፤ ሮቶዎቹ በማግስቱ በበረኪና ታጠቡ። እኔ ይህን ምርመራ አልተመረመርኩም። መብት አለኝ ወይ? ብጠይቅስ ያባርሩኛል? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ከልጆቼ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው፤ አስተላልፌባቸው ይሆን? — ማ. ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምር። ሌጂዮኔርስ በውኃ ውስጥ በሚራባ ባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ነው፤ እንደ ጉንፋን በሳል ከሰው ወደ ሰው አይዛመትም። የሚይዘው ባክቴሪያው ያለበትን ውኃ በደቃቅ ጠብታ መልክ ወደ ሳንባ የተነፈሰውን ሰው ነው። ልጆችሽን አቅፈሽ ተኚ።

ይህ የሐኪም ነገር በክርክሩም ላይ ትልቅ ቦታ ስላለው ትንሽ ልቆይበት። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ ቤልቪው ስትራትፎርድ በተባለ ሆቴል ከተሰበሰቡ የአሜሪካ ሌጂየን አባላት፣ ማለትም ከቀድሞ ወታደሮች ነው። ከ180 በላይ ሰዎች ታመው 29 ሞቱ፤ ባክቴሪያው ተለይቶ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ፣ ለብ ባለና በቆመ ውኃ ውስጥ ይራባል። በአብዛኛው ሰውየው ውኃውን በተነፈሰ ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይታመማል። አንቺ መስከረም 12 እንፋሎቱ ውስጥ ዋልሽ፣ መስከረም 19 ታመምሽ፤ 7 ቀን ነው። ሐኪሞች እንዳስረዱኝ ባክቴሪያው የሚደበቀው በሰውነት ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ሴፍትሪያክሶን አይደርስበትም፣ አዚትሮማይሲን ግን ይደርስበታል። አዚትሮማይሲን ሌላም ዓይነት የሳንባ ምች ያድናልና ይህ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ከቀኑና ከእንግዳው ውጤት ጋር ሲደመር ግን ይከብዳል። ፍትሐ ብሔር ችሎት የሚፈልገው ደግሞ ሚዛን የደፋ ማስረጃ ነው።

ባለፈው ዓመት በሌላ ጉዳይ ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጋር የአንድ ሕንፃ ጣራ ላይ ወጥቼ ነበር። ጥቁሩ ሮቶ ክዳኑን ነፋስ ወስዶት በቆርቆሮ ቁራጭና በድንጋይ ተሸፍኗል። ቆርቆሮውን አንስቼ እጄን ከተትኩ፤ ውኃው ፀሐይ መትቶት ለብ ብሏል፣ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ እንደ ተልባ ያሟልጫል። ሠራተኛው «ጌታዬ፣ ይህ እኮ ቧንቧውም ውስጥ አለ፣ ሮቶ ቢታጠብ ምን ዋጋ አለው» አለኝ። የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ሮቶው በበረኪና ቢታጠብም ሙልጭልጩ ነገር በቧንቧው፣ በቦይለሩና በሻወር ራስ ውስጥ ሊቀር ይችላል። «ታጥቧል፣ አልቋል» ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ከሥራ አደጋ እኩል ያየዋል፤ መንስኤው ሕያው ነገር፣ ማለትም ተህዋስ ቢሆንም። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅብሽም፤ በሽታው ከሥራሽ ወይም ከሥራ ቦታሽ መምጣቱን ማስረዳት ይበቃል። በሽታው የሥራ በሽታዎች በተዘረዘሩበት ሠንጠረዥ ላይ ስሙ ተጽፎ ባይገኝ እንኳ በማስረጃ ማረጋገጥ ይቻላል።

የሆቴሉ ጠበቃ የሚመጣብሽ በአንድ በር ነው። አዋጁ በአካባቢው የተዛመተ ወይም የተለመደ ወረርሽኝ በሥራ ላይ ቢይዝም የሥራ በሽታ አይባልም ይላል። ጠበቃውም ይህን ይዞ «ጅማ በመስከረም ጉንፋንና ሳንባ ምች ያልያዘው ማን አለ?» ይላል። መልስሽ ከላይ ያልኩት ነው፤ ይህ በሽታ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት አይዞርም፣ የሚመጣው ከውኃ ጭጋግ ነው። አንቺም ክረምቱን ሙሉ ከቆመ ሙቅ ውኃ ሥር የቆምሽው በአሠሪሽ ትእዛዝ ነው። ይህን ነጥብ ሐኪምሽ በጽሑፍ ካሰፈረልሽ በሩ ይዘጋል።

ገንዘቡን እናስላ። ሆቴሉ የከፈለሽ በተራ የሕመም ፈቃድ ስሌት ነው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ሲሆን ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ስድስት ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ የተጓደለብሽ 2,100 እና 1,050፣ በድምሩ 3,150 ብር ነው። በዚህ ላይ የሕክምና ወጪው በሙሉ የአሠሪው ነው፤ 11,400ውን ብር በደረሰኝ ትጠይቂያለሽ። ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ ደግሞ ሳትሸሽጊ ለሐኪምሽ ንገሪ። ዘላቂ ጉዳት ከተረጋገጠ በሕክምና ቦርድ ተለክቶ ራሱን የቻለ ካሣ አለው፤ ከ3,150ው ብር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

አሁን የምነግርሽን ግን ዛሬ ማታ አድርጊው። ከዓመታት በፊት አንድ የእንጨት ሥራ ሠራተኛ ሳንባውን ታሞ የኤክስሬይ ፊልሙን በፌስታል ጠቅልሎ ቢሮዬ መጣ። ፊልሙ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ነጭ መስመር አውጥቷል። እውነቱ ከእሱ ጋር ነበር። የመጣው ግን በ14ኛው ወር ነው። በሥራ ግንኙነት ላይ የተመሠረተ ክስ በጠቅላላው በ1 ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል፤ የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ተቃዋሚው በመጀመሪያው ቀን ይርጋ አነሣ፣ መዝገቡ ተዘጋ፤ ስለ ሳንባው አንድ ቃል ሳይነገር። ያ ሰው ከችሎት ሲወጣ ፊልሙን እንደገና ሲጠቀልል ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የአንቺ ደመወዝ መጓደል የጀመረው በጥቅምት መጨረሻ ነውና ሚያዝያ ሳያልቅ ክስሽ ችሎት መድረስ አለበት። ለሆቴሉ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋ አያቆምም። «እናስብበት፣ ታገሺ» እያሉ ወራቱን እንዳይበሉብሽ።

ማስረጃውን ስትሰበስቢ በመጀመሪያ ከታከምሽበት ቦታ የካርድሽን ኮፒ በማኅተም ጠይቂ፤ መቼ ምን መድኃኒት ተሰጠሽ፣ መቼ ተቀየረ የሚለው እዚያ ላይ ነው ያለው። ያከመሽ ሐኪም የመስከረም 12ቱን ሥራና የእንግዳውን ውጤት አንብቦ አስተያየቱን እንዲጽፍልሽ ለምኚው። የሽንት ምርመራው በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም፣ በሽታው ካለፈ ከወራት በኋላ ደግሞ ብዙም አይረዳሽም። አሁን ተመሳሳይ ምልክት ያለው አንባቢ ካለ ግን ሽንት ብቻ ሳይሆን አክታም እንዲወሰድለት ይጠይቅ፤ ከአክታ የተገኘው ባክቴሪያ ከሆቴሉ ውኃ ከተገኘው ጋር ሊነጻጸር ስለሚችል ነው።

ጓደኛሽ ምስክርሽ ናት። የመስከረም የሥራ ምደባ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከሆነ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የቴሌግራሙ መልእክት ያለው ሆቴሉ እጅ ነው፤ ስልክ ሰርቀሽ እንዳታወጪው። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልሽ በክሱ ላይ ይጠየቃል። ከዚያ የሚሻለው ግን እንግዳውን አግኝቶ ውጤቱን በፈቃዱ እንዲልክልሽ መጠየቅ ነው። እሱም የሚፈልገው ምስክር ይኖራል፤ አንቺ ለእሱ ምስክር ነሽ። የውኃውን ነገር ደግሞ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ አመልክቺ፤ ናሙናው ከሮቶው ብቻ ሳይሆን ከሁለተኛው ፎቅ የሻወር ራሶችና ከቦይለሩ እንዲወሰድ ብለሽ ጥቀሺ።

ወጪው አያስፈራሽ፤ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌለው ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉት፤ ወረቀቶችሽን በቀን ተራ ደርድረሽ ይዘሽ ሂጂ። የችሎቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱ የሚጻፈው በዚያው ነው። ቋንቋው ካልጠናብሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ «ገባኝ» ብለሽ ያልገባሽ ነገር ላይ አትፈርሚ። ስለ ማባረሩ የጠየቅሽውም ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ሠራተኛ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም በመክሰሱ ምክንያት ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው። ቢያደርጉት ወደ ሥራ ለመመለስ የመክሰሻው ጊዜ 3 ወር ብቻ ነውና በዚያው ሳምንት ድረሺ።

ጥያቄ፦ በአጋሮ መንገድ 14 ክፍል ያለው ማረፊያ አለኝ። አንድ እንግዳዬ ከሄዱ በኋላ ደውለው በሳንባ ምች መታመማቸውንና ሐኪማቸው ውኃውን እንደጠረጠረ ነገሩኝ። ቢከሱኝ ምን ይደርስብኛል? ምንስ ላድርግ? — አንድ ነጋዴ

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው መጥሪያ ሲደርሰው ነው። እንግዳ ከእርስዎ ጋር ውል አለው፤ ክፍሉን ሲያከራዩ ለጤናው የማያሰጋ ክፍል ሊሰጡት ነው የተስማሙት። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት እስከ 10 ዓመት ሊቀርብ ይችላል። ክሱ በውሉ ላይ ሳይሆን በደረሰው ጉዳት ላይ ብቻ ከቆመ፣ ማለትም ከውል ውጪ ኃላፊነት ከሆነ በአንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ሰው ከሞተም የቤተሰቡ ቀለብ ይጠየቃል። የኅሊና ጉዳት ካሣ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ይህ ጣሪያ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ዛሬ አባቱን ለቀበረ ልጅ 1,000 ብር ቆጥሮ መስጠት ያሳፍራል፣ ሊሻሻል ይገባል እላለሁ።

እንግሊዝ አገር ባሮው ኢን ፈርነስ በምትባል ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. ከአንድ የኪነ ጥበብ ማዕከል የአየር ማቀዝቀዣ በወጣ ጭጋግ 7 ሰዎች ሞተዋል። የከተማው ምክር ቤት 125 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ፣ ኃላፊ የነበረችው ባለሙያም 15 ሺህ ፓውንድ በግሏ ተቀጣች። ፍርድ ቤት መጀመሪያ የሚጠይቀው ውኃውን ማን ይከታተለው እንደነበር ነው። እርስዎ ዘንድ ይህን የሚያሳይ ወረቀት አለ?

ከሌለ ደብተር ይክፈቱ። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውኃ 60 ዲግሪ መድረሱን በቴርሞሜትር ያስለኩ፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ለብ አድርጎ ማቆየት ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። እንግዳ እንዳይቃጠል መቀላቀያ ያስገጥሙ። እንግዳ ያላደረበትን ክፍል ቧንቧና ሻወር በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ያስለቅቁ። ሲለቀቅ ግን የሻወሩ ራስ በፌስታል ይጠቅለል ወይም ወደ ባልዲ ዝቅ ይበል፣ ሠራተኛዋም ከፍታ ትውጣ፣ በሩ ይዘጋ። ከላይ የጻፈችልኝ እህት ይህን የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ አልጋ ላይ ባልዋለች ነበር። ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ ውስጡ ይታጠብ፣ የሻወር ራሶች ተፈትተው ዝቃጫቸው ይጽዳ። የተሠራውን ሁሉ ቀኑንና የሠራውን ሰው ስም ጨምሮ ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ያለፈውን ቀን ሞልተው ግን እንዳይጽፉ፤ ያ ወንጀል ነው።

ከማጠብዎ በፊት ደግሞ እባክዎ ናሙና ያስወስዱ። ብዙ ባለ ሆቴሎች ይህን ይፈራሉ። እንግዳዎ ያረፉበት ክፍል ውኃ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው እርስዎን ነው። ካልሆነም ዛሬ በዚያው ሻወር የሚታጠበውን ሰው ያተርፋሉ። ለደወሉት እንግዳም ዛሬውኑ መልሰው ይደውሉ፤ ያረፉበትን ክፍልና ቀን ከመዝገብ አውጥተው ይንገሯቸው፣ ሐኪማቸው መድኃኒት ሲመርጥ ይህን ማወቅ አለበትና።