ከሜፕል ዛፍ ስኳር ማውጣት

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ቤት ገዝተን ገባን። ግቢው ውስጥ 3 ትልልቅ የሜፕል ዛፎች አሉ። የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ከዚህ ዛፍ ስኳር ይሠራሉ አሉኝ። በእነሱ ዘዴ ልሞክር?

መልስ፦ ይሞክሩ፤ መጥረቢያውን ግን ይተዉት። ከአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች መካከል የሆኑት ኦጂብዌዎች ድሮ ግንዱን ሰያፍ ይጠርቡና ከሥሩ የእንጨት አሸንዳ ይሰኩበት ነበር። ከግንዱ የሚወርደው ፈሳሽ በርች ከሚባል ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ዕቃ ይጠራቀማል። እንዲህ ያለው ቁስል ሰፊ ነው፤ ዛፉን ይጎዳል። እርስዎ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይብሱት። ቀዳዳው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ። ለአንድ ዛፍ አንዱ ይበቃል። ግንዱ ከዳር ዳር 30 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ አይንኩት።

ፈሳሹ የሚወርደው ሌሊቱ በረዶ ሠርቶ ቀኑ ከዜሮ በላይ ሲሞቅ ነው። ማርች ላይ ይዘጋጁ። እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር ያቁሙ፤ ጣዕሙ ይበላሻል።

ሲቀምሱት ቅር እንዳይልዎ፣ ውሃ ነው የሚመስለው። ስኳሩ 2 በመቶ ገደማ ነው። 40 ሊትር አፍልተው 1 ሊትር ሽሮፕ ቢያገኙ ነው። ከ3 ዛፍ በዓመት 3 ኪሎ ስኳር ከሞላልዎ ጥሩ ነው። ደግነቱ የጥንት ብልሃት አለ፦ ፈሳሹን በሰፊ ዕቃ ውጭ ያሳድሩት፤ ጠዋት ላዩ ላይ የረጋውን በረዶ ይጣሉ። የሚጣለው አብዛኛው ውሃ ነው። ማገዶ ይቆጥባል።

አደራ፣ ቤት ውስጥ አያፍሉ። እንፋሎቱ ግድግዳውን ያረጥበዋል። ሊገነፍል ሲል ትንሽ ቅቤ ጠብ ያድርጉበት። ለጋ ቅቤ ይሁን፤ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል ስኳር ማን ይፈልጋል?

104 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ሽሮፕ ሆኗል። በትኩሱ በወፍራም ጨርቅ ያጥሉት፤ አሸዋ የመሰለ ዝቃጭ አለው። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ኦጂብዌዎች ግን ይቀጥሉ ነበር፤ ሽሮፕ ይሻግታል፣ የደረቀ ስኳር በቅርፊት ሳጥን ይከርማል። እርስዎም እስከ 125 ዲግሪ ያድርሱት። ከ110 በኋላ ስልክ ቢጠራ አያንሱ፣ በአፍታ ያርራል። ከዚያ ወደ እንጨት ገበታ ገልብጠው በእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ያማስሉት። መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀለሙ ይፈዛል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። ክንድ ይጠይቃል፤ ልጆቹን ያሰልፉ፣ ትኩሱን ግን አያስነኳቸው።

ጠጥሮ ድንጋይ ቢሆንብዎ አይጣሉት። ጥቂት ውሃ ጨምረው ያቅልጡትና እንደገና ያፍሉት።