ሜሞሪ እየጠበቀ የሚውል ቺፕ

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ጣና ላይ የተነሡ የእምቦጭ ምስሎችን የሚለይ ሰርኪዩት በኤፍፒጂኤ (ውስጣዊ ሰርኪዩቱን ተጠቃሚው ራሱ የሚወስነው ቺፕ) ሰሌዳ ላይ ሠርቻለሁ። ክሎኩን (የሰርኪዩቱን የሥራ ምት) ከ100 ወደ 200 ሜጋኸርትዝ ባሳድገውም በሰከንድ የሚያልፈው ዳታ እምብዛም አልጨመረም። ጥፋቱ የት ላይ ይሆን?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከላኩልን ንድፍ እንደተረዳነው ሰርኪዩትዎ ከሜሞሪው 64 ባይት ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪደርሰው ሥራ ፈትቶ ይቆያል፤ ቀጣዩን የሚጠይቀውም ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ በ100 ናኖሰከንድ ይደርሳል ብንል በሰከንድ ከ640 ሜጋባይት በላይ ሊያልፍ አይችልም። ክሎክ ማፍጠን ቀላል ስለሆነ ሁላችንም መጀመሪያ የምንነካው እርሱን ነው፤ የሚያሳጥረው ግን የስሌቱን ጊዜ እንጂ የሜሞሪውን ቆይታ አይደለም።

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚያመላልሱትን ታንኳዎች ያስቧቸው። አንዷ አራግፋ ሳትመለስ ሌላዋ አትነሣም ቢባል ገበያው እንጨት ባጣ ነበር፤ ተከታትለው ሲቀዝፉ ግን የአንዷ መንገድ ባያጥርም ጭነቱ ሳይቋረጥ ይደርሳል። የወረፋ ተመራማሪው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ባረጋገጠው ቀመር መሠረት በመንገድ ላይ ያለው መጠን የፍሰቱና የቆይታው ብዜት ነው። ዲዲአር3-1600 የተባለው የሜሞሪ ዓይነት አንድ ቻናል (የዳታ መስመር) በሰከንድ ቢበዛ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ይህ በ100 ናኖሰከንድ ሲባዛ 1280 ባይት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 64 ባይት የሚጠይቁና መልሳቸው ገና ያልደረሰ 20 ጥያቄዎች ይሆናል። እርስዎ የላኩት አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ እስኪደርስ ሳይጠብቁ ቀጣዮቹን ጥያቄዎች አከታትለው ይላኩ።

መልሶቹ እንደ አላላካቸው ቅደም ተከተል ላይመጡ ስለሚችሉ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይስጡ፤ ከመላክዎ በፊትም መልሱ የሚያርፍበትን ቦታ በበፈር (በዳታ ጊዜያዊ ማረፊያ) ውስጥ ይያዙለት፤ አለበለዚያ የመጣው ዳታ ማረፊያ አጥቶ መንገዱን ይዘጋል።

ብዙዎች የሚስቱት ሌላ ነገርም አለ። ረጅም ሽቦ ለመከፋፈል መሃል ላይ ሬጂስተር (ዳታ የሚይዝ ትንሽ ማቆያ) ሲያስገቡ፣ «ለመቀበል ዝግጁ ነኝ» የሚለው የመልስ ምልክትም በሬጂስተር የሚያልፍ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ብቻ ያለው ማቆያ በሁለት የክሎክ ምት አንድ ዳታ ብቻ ያሳልፋል። ሁለት ቦታ ሲኖረው ግን በየምቱ ያሳልፋል፤ ፍሰቱ በግማሽ የቀነሰበት ሰው በቅድሚያ የሚፈትሸው ይህን ነው።

የምስል አድራሻዎች አስቀድመው ስለሚታወቁ ሥራዎ ለዚህ ዘዴ ይመቻል፤ ቀጣዩ አድራሻ በሚመጣው መልስ ውስጥ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ግን ከመጠበቅ በቀር አማራጭ አይኖርዎትም ነበር። በ4 ጥያቄዎች ይጀምሩና ወደ 8፣ ከዚያም ወደ 16 እያሳደጉ ይለኩ፤ ፍሰቱ መጨመር ካቆመ በኋላ የሚጨምሩት ጥያቄ ወረፋውን ብቻ ያስረዝማል።